ሎተስ ዩሮፓን ሱሉልታ ላይ እንዴት እንደያዝኳት

መኪናዋ ቁመቷ ከወገቤ ብዙም አይበልጥም። የሰፈር ልጆች አጠገቧ ሲቆሙ ጣሪያዋን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ሎተስ ዩሮፓ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች፣ መሪዋ በግራ ነው። ሞተሯ እንደ አብዛኛው መኪና ከፊት አይደለም። እንደ ቮልስ ከኋላ ጫፍ ላይም አይደለም። ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ቀደም ብሎ፣ መሃል ላይ ነው የተቀመጠው።

አባቴ መካኒክ ነበር። በ1967 ዓ.ም አገር ለቆ ከሚሄድ የውጭ አገር ሰው ነው የገዛት። ጥቂት ዓመት ነዳት። ከዚያ ቤንዚን ሲቸግር ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አቆማት፤ እዚያው ቀረች። እሱ ካረፈ በኋላ እኔ ወደ ሱሉልታ ስገባ በአይሱዙ አስጭኜ አመጣኋት። በ2006 ዓ.ም መፍታት ጀመርኩ። በ2009 በራሷ ጉልበት ከግቢ ወጣች። ሙያዬ ሂሳብ ነው። ስለ መኪና የማውቀውን ከአባቴ፣ ከአንድ ታጋሽ መካኒክና ከራሷ ከመኪናዋ ነው የተማርኩት።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለ መኪና የሚይዝ ሰው እንደኔ ከአጎት ወይም ከአያት ግቢ ያገኘ ነው። "አንድ የቆመ ነገር አለ፣ ከየት ልጀምር?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልጠፋም። የጻፍኩት ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ከመኪናዋ የትኛው ክፍል ብርቅ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ለዩ። ሎተስ ትንሽ ፋብሪካ ነበር። መሥራቹ ኮሊን ቻፕማን ከጉልበት ይልቅ ቅልለትን የሚያስቀድም መሐንዲስ ነበር። ዩሮፓ በእንግሊዝ ኖርፎክ፣ ሄተል በሚባል ቦታ ከ1966 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ተሠራች። ጠቅላላ ቁጥሯ ከ9 ሺህ ጥቂት አለፍ ቢል ነው። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ልዩነቱን ከዚህ እዩት።

ትንሽ ፋብሪካ ግን ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም፤ ከትልልቆቹ ይገዛል። የኔዋ ሞተርና ካምቢዮ የፈረንሳዩ ሬኖ 16 ናቸው፤ 1470 ሲሲ። ሬኖ 16 በፊት ጎማዋ የምትሄድ መኪና ነበረች። ሎተሶች ሞተሩንና ካምቢዮውን እንዳለ አዙረው ከኋላ አስቀመጡት። እንዲሁ ቢተዉት መኪናዋ አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደ ፊት ይኖራት ነበር። ስለዚህ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ ወደ ሌላኛው ጎን አዛወሩት። አባቴ ይህን ያስረዳኝ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እያሽከረከረ ነው። የፊት እግሮቿ፣ ማለትም የፊት ጎማዎቹን የሚይዙት ብረቶች፣ ደግሞ ከእንግሊዙ መኪና ሠሪ ትራያምፍ የተወሰዱ ናቸው።

የሎተስ ብቻ የሆነው ጥቂት ነው። የብረት ሻንሲው፣ የፋይበር ግላሱ ገላ፣ የፊት መስታወቱ፣ የኋላ እግር ብረቶቹ። እነዚህን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ። ሌላው በጊዜም በገንዘብም ይገኛል። ሻንሲዋ ጤነኛ የሆነ መኪና ሞተሯ ቢደርቅም ትነሳለች። ሻንሲዋ የበሰበሰ መኪና ግን ሞተሯ እንደ ሰዓት ቢሠራም ከባድ ሥራ ትጠይቃለች።

ለሚገኘው ነገር ሶማሌ ተራ ሂዱ። "የሎተስ ዕቃ አላችሁ?" ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ማንም የለኝም ነው የሚላችሁ። ኩሽኔታውን (ዘንግ የሚሽከረከርበትን ቀለበት) ራሱን አጥባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጠርዙ ላይ ቁጥር ተቀርጿል፤ ያ ቁጥር ዓለም አቀፍ ነው። ባለሱቁ መኪናውን ሳያውቅ ቁጥሩን አይቶ ያወጣላችኋል። የዘይት ማገጃ ጎማም እንደዚሁ ነው፦ የውስጡን ስፋት፣ የውጩን ስፋትና ውፍረቱን ለክታችሁ በሚሊሜትር ጻፉ። ካንዴላ፣ ቱቦ፣ ችንጋ በልክ ይገኛል። ጎማዋ 13 ኢንች ነው። ላዳ ታክሲዎች ዕድሜ ይስጣቸው፣ በእነሱ ምክንያት የ13 ጎማ ዛሬም ከገበያ አልጠፋም። ጎሚስታው ግን በልማዱ እንደ ላዳ አየር እንዳይሞላባችሁ። መኪናዋ ከ700 ኪሎ በታች ናት። ክብደቷ ወደ ኋላ ስለሚያደላ የፊቱ አየር ከኋላው ማነስ አለበት።

አሁን ብዙ ያስለቀሰኝን ልንገራችሁ፤ ቡሎን ነው። ሞተሩ ፈረንሳዊ ስለሆነ ቡሎኖቹ በሚሊሜትር ናቸው። የፊት እግሩና ሌላው የእንግሊዝ ክፍል ደግሞ በኢንች ነው። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ቡሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ነው። በዓይን ከ8 ሚሊሜትሩ አይለይም። ጥርሱ ግን ይለያል። የኢንቹ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው፤ የተለመደው ባለ 8 ግን ጥርሱ ሰፋ ይላል። ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል። ያኔ መካኒኩ ጉልበት ይጨምራል። አንድ ጋራዥ የፊት ፍሬኗን ሲያስርልኝ እንዲህ አድርጎ ቀዳዳውን ላጠው። ቶርኖ ቤት ወስጄ በነሐስ አስሞልቼ እንደገና ጥርስ አስወጣሁለት። ሦስት ሳምንት ቆመች።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አለኝ። ማንኛውም ቡሎን በእጅ፣ ያለ ቁልፍ፣ ቢያንስ አራት ዙር ካልገባ ይውጣ። ሁለት ቆርቆሮ አዘጋጅቻለሁ። አንዱ ላይ "ሬኖ"፣ ሌላው ላይ "እንግሊዝ" የሚል ጽፌያለሁ። የተፈታው ሁሉ በየቆርቆሮው ይገባል። ቁልፍም ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል። እናንተም ከመካኒኩ አጠገብ ቁሙ። አይደብራቸውም፤ ምክንያቱን ከነገራችኋቸው ራሳቸው መጠንቀቅ ይጀምራሉ።

ወደ ውሃው ልምጣ። እዚህ ላይ ሱሉልታና እንግሊዝ አገር አይገናኙም።

ራዲያተሩ ከፊት ነው፤ ሞተሩ ከኋላ። ውሃው በረጅም ቱቦ ነው የሚመላለሰው። ረጅም ቱቦ ማለት አየር የሚደበቅበት ቦታ ብዙ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ91 አካባቢ ይንተከተካል። ምስር ለምን ቶሎ እንደማይበስል የምታውቁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። የሞተሩ ቴርሞስታት፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር፣ የሚከፈተው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ የውሃ መሙያው ክዳን ግፊት ካልያዘ በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ግማሽ ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ እኛ ዘንድ ወደ 105 ዲግሪ ያደርሰዋል። ትንሽ የክዳን ጎማ ናት ይህን ሁሉ የምትሠራው። በየዓመቱ ለውጧት። ከተጻፈው በላይ የሚይዝ ክዳን ግን አትግጠሙ፤ የድሮ ቱቦና የድሮ ራዲያተር አይችለውም።

የመጀመሪያዋን ክረምት ሙቀቷ እየጨመረ አስቸግራኝ ነበር። ቴርሞስታት ቀየርኩ። ራዲያተር አሳጠብኩ። ምንም አልተሻላትም። መካኒኬ ቱቦውን በእጁ እየዳበሰ ከፊት እስከ ኋላ ሄደና፣ "ልጄ፣ እዚህ ጋ ይሞቃል፣ እዚህ ጋ ይበርዳል። መሃሉ ላይ አየር ተኝቷል" አለኝ። እኔም "ታዲያ ጋሼ፣ በየት ነው የሚወጣው?" አልኩት። "አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አንቺ መንገዱን አሳዪው።"

መንገዱ ይኸውና። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ውሃ የምትሞሉበት ክዳን ያለበትን ጫፍ በክሪክ አንሱት፤ ከሌላው ጫፍ ከፍ ይበል። ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። የማሞቂያውን ቧንቧ ክፈቱ። ቀስ እያላችሁ ሙሉ፤ አንድ ሊትር፣ ዕረፍት፣ አንድ ሊትር። ቱቦዎቹን በእጅ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ። ራዲያተሩ አናት ላይ ማስተንፈሻ ቡሎን ካለ አላልታችሁ አረፋው አልቆ ጥሩ ውሃ እስኪወጣ ጠብቁ። ከዚያ አስነሱና ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሱ። ሁሉም እኩል ከሞቀ ጨርሳችኋል።

የምትሞሉት ደግሞ የቧንቧ ውሃ ብቻ አይሁን። ይህ ሞተር አሉሚኒየም ነው። ሲሊንደሮቹ በውሃ የተከበቡ የብረት እጅጌዎች ናቸው፤ ከታች በቀጭን ማገጃ ተቀምጠዋል። ብረትና አሉሚኒየም በተራ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ዝገት መከላከያ ያለው ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ በየሁለት ዓመቱም ለውጡ። አንድ ነገር ልጨምር። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ሲነሳ ማንም ሰው ሞተሩን እንዳያዞር። ፒስተኑ እጅጌውን ይዞት ይነሳና የታችኛው ማገጃ ይለቃል፤ ውሃ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። እጅጌዎቹን በጠፍጣፋ ብረትና በቡሎን ጠፍንጋችሁ ያዙ።

ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርም ከፍታውን ማወቅ አለበት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋብሪካው 82 ፈረስ ጉልበት ብሏል፤ እኛ ጋ ከ60 ጥቂት ቢያልፍ ነው። ይህን የትኛውም መካኒክ አይመልሰውም። ማስተካከል የምትችሉት ነዳጁን ነው። በፋብሪካው ልክ የሚገባው ነዳጅ ለሳሳ አየር ስለሚበዛ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል። ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የምታሳልፈውን ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቡሎን በአንድ ሁለት ቁጥር አነስ ባለች ቀይሯት። ከዚያ ካንዴላውን እያወጣችሁ እዩ። ቀለሙ የተቆላ ቡና መጀመሪያ ላይ ቡናማ ሲል እንደሚመስለው ከሆነ ልክ ነው።

የድሮዋን ነሐስ ግን አትጣሉ፤ መሳቢያው ውስጥ ትቀመጥ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው ቁልቁል የምትሄዱት። ለሱሉልታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ታች ነዳጅ ያንሰዋል። ሞተሩ ይግላል፤ ሽቅብ ስትመለሱ ጠጠር እንደሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። እንዲህ ካለ እግራችሁን አንሱ፤ ሳትለውጡ አትግፉት። እኔ በረሃውን ልወርድ ስል ጎሐ ጽዮን ቆሜ እቀይራታለሁ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ፍሬኑንም አትርሱ፤ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ።

ቤንዚን ውስጥ ኢታኖል መቀላቀል አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም ነው። የድሮ የጎማ ቱቦ ኢታኖልን አይችልም። ይለሰልሳል፣ ይሰነጠቃል። በዚች መኪና ሞተሩ ከጀርባችሁ ነው፤ ገላዋም ፋይበር ነው፣ እሳት ይይዘዋል። የነዳጅ ቱቦዎቹን በሙሉ ኢታኖል በሚችል አዲስ ቱቦ ለውጡ፣ ማሰሪያዎቹንም አጥብቁ። የእሳት ማጥፊያ ከወንበሩ ሥር ይቀመጥ። ይህን ሳላደርግ ወንድሜን አንድም ቀን አላሳፈርኩም።

ሻንሲው መሃል ለመሃል የሚሄድ የብረት ሳጥን ነው፤ እንደ ጀርባ አጥንት። ፊቱ ላይ እንደ መስቀል ወደ ጎን ይዘረጋል። ያ የፊቱ ሳጥን ውስጡ ክፍት ነው፤ ውሃ ይገባና አይወጣም። የሚበሰብሰውም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኩት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። በኔዋ ሞዴል ገላው ከሻንሲው ጋር በቡሎን ስለተያያዘ ይነሳል። ከዚያ በፊት በተሠሩት ግን ተጣብቋል፤ ሥራው ብዙ ነው።

የሱሉልታን ዋልካ ጭቃ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከተለጠፈ አይለቅም፤ እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ከመንገድ ስትመለሱ ከሥር እጠቧት። ሻንሲው ውስጥ ደግሞ ሰም እጨምራለሁ። ንጹሕ የማር ሰም በአዲስ ዘይት ውስጥ አቅልጬ በቀጭን ቱቦ እረጫለሁ። ሰም በ63 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ስለዚህ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ። የተቃጠለ ዘይት የሚረጩ አሉ። የእግሩን ጎማዎች ይበላል፤ እኔ አልመክርም።

ገላው ሲሰነጠቅ ባትላሜራ ጋ አትሂዱ። መዶሻ እዚህ ምንም አያደርግም። ፋይበር የሚሠራ ሰው ፈልጉ ወይም ራሳችሁ ተማሩ። ስንጥቁን እስከ ጤነኛው ድረስ ፋቁ። ከጀርባው የመስታወት ጨርቅ በሬዚን እየነከራችሁ ደርቡ፤ ከፊት በስተመጨረሻ አለስልሱ። ሬዚን ብርድ አይወድም። ከ15 ዲግሪ በታች በደንብ አይደርቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ እኛ ጋ አጥንት ይሰብራል፤ ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ፀሐይ ሥሩ። በዝናብ ቀን አይሞከርም። ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙ መስታወት ነው።

ፋይበር ሌላም ጠባይ አለው፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በብረት መኪና ገላው ራሱ የባትሪው መመለሻ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ መብራት የራሱ መመለሻ ሽቦ ይፈልጋል። ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ ከደከመ፣ ክላክስ ስትነኩ የነዳጅ መለኪያው ከዘለለ፣ መብራቱን አትቀይሩ። መመለሻ ሽቦዎቹን ፍቱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ከአሥር ስምንቱ ችግሬ በዚህ ነው ያለቀው።

ከሥር ሁለት ቦታ ዓይናችሁ አይነቀል። የፊት እግሩ ታች መሪው ሲዞር የሚሽከረከርበት ጥርስ ያለው ነሐስ አለ። የሚፈልገው የካምቢዮ ዘይት ነው፤ 90 ቁጥሩ። ግሪስ ከተሞላ ጥርሱ ውስጥ ሳይደርስ ይደርቃል፤ ብረቱ ይበላና አንድ ቀን ይሰበራል፤ ጎማው ይተኛል። ሁለተኛው የኋላው ክሮቼራ ነው፤ ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መገጣጠሚያ። በሌላ መኪና ክሮቼራ ጉልበት ብቻ ያስተላልፋል። በዚች ግን ዘንጉ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ክንድም ነው። ሲላላ ጥግ ላይ ጀርባዋ ይዋልላል። በየሦስት ወሩ መኪናዋን አንስታችሁ ጎማውን ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ አትንዱ።

መንዳቷ ደስታ ነው፤ ግን ሰው አያያትም። ይህን ቀልድ አታድርጉት። የሲኖትራክ ሹፌር ከላይ ሆኖ ከጎኑ ያለችን መኪና ማየት አይችልም። ከጭነት መኪና ጎን አትቆዩ፤ ወይ እለፉ ወይ ወደ ኋላ ቅሩ። ቀንም መብራት አብሩ። ከጫንጮ በኩል ሲሚንቶና አሸዋ የጫኑት ጠጠር ያስፈነጥራሉ፤ የፊት መስታወቷ ደግሞ ከማይገኙት ነው። የኋላ ጎኖቿ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ከግቢ በኋላ ማርሽ ስትወጡ ሰው ቁሞ ያስወጣችሁ። የፍጥነት መቀነሻ እብጠት ላይ በሰያፍ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጎማ እለፉ።

እኔ የምወጣው እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሯጮች መንገድ ዳር ይሮጣሉ። ዝግ ብዬ፣ ሰፊ ርቀት ሰጥቼ አልፋቸዋለሁ። ከጫንጮ በኋላ ሜዳው ሲከፈት መሪዋ በሁለት ጣት ይታዘዛል። መሬቱ ከሥራችሁ ሲያልፍ በወንበሩ በኩል ይሰማችኋል። አባቴ "መኪናው አንተን ነው የሚለብስህ" ይል ነበር ለወንድሜ።

ወረቀቷን በአጭሩ፦ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርና መኪናዋ ላይ ያለው አንድ መሆኑን ከመግዛታችሁም ሆነ ከመውረሳችሁ በፊት አረጋግጡ። ቦሎ ሳታሳድሱ አትክረሙ። ለቴክኒክ ምርመራ ስትሄዱ ኮፈኑ ከኋላ መሆኑን ቀድማችሁ ንገሩ።

ክረምት ሲገባ አቆማታለሁ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም። ታጥባ፣ ደርቃ፣ ነፋስ በሚያልፍበት መጠለያ ሥር፤ ላስቲክ አላለብሳትም፣ ላብ ያሲዛታል። በግንድ ላይ አንስቼ ጎማዎቹን አሳርፋለሁ። ባትሪውን ፈትቼ ቤት አስገባለሁ። ማርሚታው ጫፍ ላይ ሽቦ ወንፊት አስራለሁ፤ አይጥ እንዳይገባ። ፍሪሲዮኑ በእርጥበት እንዳይጣበቅ በየሁለት ሳምንቱ ገብቼ ፔዳሉን ሃያ ጊዜ እረግጣለሁ።

መስከረም ላይ ደግሞ ቶሎ አላስነሳትም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን አወጣለሁ። በየቀዳዳው ጥቂት ጠብታ የሞተር ዘይት አንጠባጥባለሁ። ባትሪውን መልሼ፣ ካንዴላ ሳይኖራት፣ በሞተሪኖ አሥር አሥር ሰከንድ እያረፍኩ አዞራታለሁ። የዘይት ግፊት መርፌው ከተኛበት ሲነሳ አያለሁ። ያኔ ካንዴላዎቹን እመልስና ቁልፉን አዞራለሁ።